ዝም ብሏል

ብረት ሁሉ የመንግሥት ነው ከተባለ ስድስት ዓመት ሆነ። በራችንን በገመድ እናስራለን፣ ሽንኩርት በሸክላ ስባሪ እንከትፋለን። የእኔ ሥራ በየቀበሌው ሜዳ የተቀበረ ብረት በመሣሪያ መፈለግ ነው። ስንሠለጥን «ነዋሪ አታስደንግጡ፣ የቆፈራችሁትን መልሱ፣ ድምፁን በማዳመጫ ስሙ» ብለውናል። ነዋሪው ግን ድምፁን ባይሰማም ፊቴን ያነባል። ብረት የተገኘበት ቤተሰብ የዚያኑ ዕለት ይወሰዳልና።

ዛሬ ጠዋት ከሜዳው ዳር እትዬ ተዋበች ከደጃቸው ብቅ ብለው «እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸው መሣሪያዬ ላይ ነው። ከኋላቸው አራሷ ልጃቸው ስንዱ ወጣች። ድሮ አራስ ብረት ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም ነበር፤ ክፉ መንፈስ እንዳይለክፋት። አሁን በቢላ ቅርጽ የተጠረበ እንጨት ይያዛል። ስንዱም ይዛለች።

በአጠገቤ ስታልፍ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከመሬቱ አልነበረም። እንጨቱ ውስጥ ሚስማር አለ።

ከእኛ ከፈላጊዎቹ መሀል ብረት አግኝቶ ዝም ያለ ሰው የት እንደገባ እስከዛሬ አይታወቅም።

«መሣሪያው ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ ተዋበች፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

«ዝም ብሏል» አልኳቸው። «ግን ከእንግዲህ እኔ ከሄድኩ በኋላ ትውጣ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ በአራስነቴ ሕጉን አክብሬ ባዶ እጄን ነበር የወጣሁት። ልጄ ለክርስትናው አልደረሰም።