እኔን!

የሚስቴን የአስካለን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስታግሰው የስቴሮይድ ኪኒን ደም ሥር ይጎዳል። ብረት ማንሳት ደግሞ ደም ሥርን ይጠብቃል። ስለዚህ በአዲሱ የጤና ሕግ መሠረት፣ ተናጋሪው የመድኃኒት ሣጥኗ የሚከፈተው ብረቱን ካነሳች ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ጠቅሟታል።

ዛሬ ግን ሕመሙ ተነሥቶባት ጣቶቿ አብጠዋል። ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የቆለፍኩላት እኔ ነኝ።

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አላት ሣጥኑ በትሕትና።

«ኪኒኑን ሳልውጥ በምን አቅሜ ላንሳው?»

«አይዞዎት፣ ይበርቱ።»

አይዞዎት ማለትንም አስተምረውታል! ተናድጄ እጄን ከእጇ ሥር ሰድጄ ብረቱን ደገፍኩላት። ወዲያው ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ የእሷን ጉልበት ከእኔ ለይቶ ያውቃል። እጄን ስመልስ ብረቱ አመለጣትና እግሯ ላይ ወደቀ።

«እኔን!» ብዬ ጮኽኩ።

ሣጥኑ ጥቂት አሰበና፣ «ይቅርታ፣ በእሷ ፈንታ እርስዎን መተካት አልተፈቀደም» አለኝ።

አስካለ ሕመሟን ረስታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ልትጠርግ እጇን ወደ ፊቷ ለማንሳት ሞከረች፤ አቃታት።

እኔ ጠረግኩላት። እሱን አልከለከለኝም።