አዲሱ አድራሻ

ባለሙያው የመጣው የቤቱን ኮምፒውተር ወደ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ለማዛወር ነበር። የጠሩት ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው።

«ለአንድ ኮምፒውተር አዲስ አድራሻ ምን ይሠራል?» አሉ ባለቤታቸው አቶ አምባዬ። «አሮጌው ይበቃናል።»

«ስለ ጫማውም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ጣቱ ወጥቶ እንኳ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

አቶ አምባዬ ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ልጃቸው በባሕር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድምፁን አንድ ቀንም አልሰሙም። ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የኮምፒውተሩ ካሜራ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ካለበት ሆኖ እንደሚያያቸው አባቱ ነግረዋቸዋል።

«በአዲሱ አድራሻ ድምፁም ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው፤ እስቲ እየው የኔ ጌታ» አሉት ባለሙያውን።

መብራቱ በራ። ወይዘሮ ዘርፌ ፈገግ ብለው ስለ ጎረቤት ሠርግ ለካሜራው ማውራት ጀመሩ።

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የተመልካቹን አድራሻ ከስክሪኑ ላይ አነበበ። ከውጭ አገር አይደለም። የሚያየው ስልክ የተገናኘው ከዚሁ ቤት ዋይፋይ ጋር ነው።

ቀና ሲል ገርበብ ባለው የመኝታ ቤት በር አቶ አምባዬን አያቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሚስታቸው ፊት የሚታይበትን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እህሳ፣ አዲሱ ያስፈልገናል?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ።

ባለሙያው ዕቃውን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

«አያስፈልግም፣ እማማ። በአሮጌውም ያይዎታል።»