ባቄላና ሽምብራ

ቆጣሪው የካ ሥር ካሉት ቤቶች ደረሰ የተባለው በመጋቢት ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ወሬውን ያመጣው ሽማግሌው ጎረቤት ኢቲቻ ነበር። ኢቲቻ ለደግ ወሬ ጉልበቱን ያመዋል፤ ለክፉ ወሬ ግን አጥር ይዘላል።

«ጂቱ፣ ከእንጦጦ ሰው መጥቷል» አላት እያለከለከ። «ቤት ለቤት እየዞረ ፈንጣጣ የያዘውንና ያልያዘውን ያስቆጥራል።»

«ለምን ይሆን?»

«ለምን ይመስልሻል? ያንን ጭስ አታዪም?» ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆማት። «ትናንት እዚያ ነበር የዋለው። የታመመ ከተገኘ ቤቱን በእሳት፣ በሽተኛውን ወደ ጫካ ነው አሉ።»

ጂቱ ጭሱን አየችው። ኢቲቻ አላወቀም እንጂ የሰባት ዓመት ልጇ አባይነሽ ጓዳ ውስጥ ከተኛች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ፊቷ፣ አንገቷ፣ መዳፏ ሳይቀር ፈንጣጣ ወርሶታል። ትኩሳቱ ጋብ ያለላት፣ ቁራሽ መቅመስም የጀመረችው ገና ትናንት ነው። አሁን ጫካ ቢጥሏት አንድ ሌሊት አታድርም።

ኢቲቻ ጀርባውን እንዳዞረ ባሏ ጉተማ ልጅቱን በቡሉኮ ጠቅልሎ ጎተራ ውስጥ አስገባት፤ ገብሱ ላይ አስቀመጣት።

«ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እናቴ» አላት።

ጂቱ ደግሞ የአራት ዓመት ልጇን ፉፋን ፊቱን አጠበችና ደጅ አስቀመጠችው። ይህ ገና አልታመመም። የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ጤነኛ ልጅ ይይ ብላ ነው።

ቆጣሪው ዓምደ ሚካኤል ይባላል። ፊቱን በልጅነቱ ፈንጣጣ በልቶታል። ለሥራው የተመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ፈንጣጣ አንዴ የለቀቀውን ሰው ደግሞ አይይዘውም ይባላል። ብራናም ቀለምም አልያዘም። የአገሩ ሰው ነፍስ በአፍ ሲቆጠር ሟርት ነው ብሎ እንደሚፈራ ስለሚያውቅ፣ እህል አስይዞ ነው የሚያስቆጥረው። የቤቱ እመቤት ለጤነኛው ባቄላ፣ ለታመመው ሽምብራ በገዛ እጇ መዳፉ ላይ ታኖራለች።

ጂቱ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየው ቆየች። ከኢቲቻ ቤት አንዲት ሽምብራ ስትወጣ ሰውየው ወደ ውስጥ እንኳ ሳያይ ዘወር አለ። ከሚቀጥለውም ቤት እንዲሁ። በኋላ ሊመለስባቸው ነው፣ አለች በልቧ።

ተራዋ ደረሰ። አንድ ባቄላ ለጉተማ፣ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለፉፋ አኖረች። አራተኛው እጇ ላይ ቀረ። እሱን አለማኖር ልጄ ሞታለች ብሎ መናገር መሰላት፤ ቢሆንም ጨበጠችው።

«ሦስት ነፍስ ብቻ?»

«ሦስት፣ ጌታዬ። ታላቂቱ እናቴ ዘንድ ከሄደች ሁለት ወር አለፋት።»

«ሽምብራስ?»

«የለም።»

«እስቲ ማይልኝ።»

«አቦን! እዚህ ቤት ፈንጣጣ አልገባም።»

አሁን ይሄድልኛል ስትል ሰውየው ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። የሌሎቹን ደጅ እንኳ ያልረገጠ ሰው የእሷን ቤት ከጣራ እስከ ወለል ያይ ጀመር።

«ጣራው ያፈሳል?»

«አያፈስም፣ ጌታዬ።»

«ውኃ የምትቀጂው ከማን ጋር ነው?»

«ለብቻዬ ነው። ምንጩ ከጓሮ ነው።»

«ላሚቱስ ትታለባለች?»

«ትታለባለች።»

«ሕፃኑ የት ነው የሚተኛው?»

በጣቷ አሳየችው። የጠየቃት ሁሉ ወጥመድ መሰላት። ሰውየው ጓዳ ገብቶ ከመኝታው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቁርበቱን ዳሰሰ። አባይነሽ እስከ ዛሬ ጠዋት የተኛችበት ቁርበት ነበር። ከዚያ ወጣና በቀጥታ ወደ ጎተራው ሄደ፤ በጡጫው መታ መታ አደረገው።

«ምን አለበት?»

ጂቱ ፉፋን ወደ ጉያዋ ሳበችው።

«ገብስ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጉተማ።

«እስከ አዝመራ ያደርሳል?»

«አንድ ሰው ቢጨመርም ያደርሳል።» ጉተማ ሲጨንቀው የመጣለትን ነው የተናገረው።

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ሰውየው ፈገግ አለ። ጂቱ በሕይወቷ እንደዚያ ፈገግታ የጠላችው ነገር የለም።

«የታች ሰዎች ጥሻ ሲመነጥሩ እሳቱን ይጠብቁት፤ ነፋስ አለ» አለና በቅሎው ላይ ወጣ። ነገሩ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ዳገቱን ወጥቶ ከጥድ ዛፎቹ ማዶ እስኪሰወር ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ልጇን አውጥታ ቁስል ያልያዘው ቦታ እየፈለገች ሳመቻት።

«ተረፍሽልኝ» አለቻት፤ እየሳቀች አለቀሰች። አባይነሽ ያን ቀን ወተት ጠጣች፤ ከወንድሟ ጋር በአንድ ዋንጫ።

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል የኮቴ ድምፅ ተሰማ። ጉተማ ልጅቱን አፈፍ አድርጎ ወደ ጎተራው ሮጠ። ተመልሶም ጦሩን ከግድግዳው አወረደ። ጂቱ ፉፋን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመች። እሳቱን በየት በኩል ይለኩሱት ይሆን እያለች የመጪዎቹን እጅ እጅ ታያለች።

ዓምደ ሚካኤል ከፊት ነው። ሁለት ጠመንጃ ያዦች ይከተሉታል። ችቦ የያዘ የለም። ከኋላ አንዲት ሞግዚት በሰጋር በቅሎ ተቀምጣ፣ በጥበብ ቀሚስ ላይ ካባ የደረበች፣ እንደ ፉፋ ያለች ትንሽ ልጅ አቅፋለች። የልጅቱ ፊት እንደ ወተት የጠራ ነው።

ዓምደ ሚካኤል ልጅቱን አውርዶ ከፉፋ ጎን አቆማትና እጇን ከእጁ አያያዘው።

«የጌታዬ ልጅ ናት» አለ ደስ ብሎት፤ «ሦስቱን ልጆቻቸውን ፈንጣጣ ወስዶባቸው የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ንጹሕ ቤት ፈልገህ አኑርልኝ ቢሉኝ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ ዞሬ ያገኘሁት ያንቺን ብቻ ነው።»