ብልጭታ አለ?

ጋሽ ቀለሙ የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት መቀመጥ አቃታቸው። ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ያንቃጭላሉ። በማግስቱ ኮምቦልቻ የልጃቸው የእየሩስ ልጅ ክርስትና ይነሳል። ወንድ ነው፣ አርባ ቀኑ ነው፤ አርባ ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ጋሽ ቀለሙ እየሩስ ገና ያረገዘች ጊዜ ነው "እናትና ልጅን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ በራሴ መኪና" ብለው ለአገር ለምድሩ ያወሩት።

መኪናዋ ግን አልነሳም ብላለች።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ኮምቦልቻ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው እንግዲህ። የሐረጎን ቁልቁለት "ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ" ይላሉ። መኪናዋም አረጀች እንጂ አሳፍራቸው አታውቅም። ሐሙስ ዕለት እንኳ ለስኳራቸው ክትትል ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዳ መልሳቸዋለች። ስትመለስ ብቻ አንድ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተልጦ ነበር።

"አንዱ ባለ ባጃጅ መጥቶ ተለጠፈብኝ" አሉ። "ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ እንደ ድንች በኪሎ ነው መሰል የሚሸጡት።"

ከዚያ ወዲህ ቆማ ቀረች።

የጠረጠሩት ሳዲቅን ነው። ሳዲቅ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነው፤ ሰኞ ገበያ ሰፈር የመኪና ዕቃ ይሸጣል፣ መፍታት ማሰሩንም ያውቅበታል። ሰሞኑን ባገኛቸው ቁጥር "ጋሼ፣ መኪናዋን ይሽጡልኝ" ነው ሥራው።

"ሐሙስ ማታ ኮፈኗ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ" አሉ ለሚስታቸው ለእትዬ አረጋሽ።

"ድመት ትሆናለች።"

"ድመት ኮፈን ከፍታ ትገባለች?"

"የደሴ ድመት ብርድ ሲጠናባት ምን የማታደርገው አለ?"

ጋሽ ቀለሙ አልሳቁም። ኮፈኑን ከፈቱ። ክላክስ ቢያደርጉ ሰፈሩ ሁሉ በረገገ፤ ባትሪው ደህና ነው። እትዬ አረጋሽ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ አንዴ ይስላል፣ ከዚያ ዝም።

"ሳለች እኮ" አሉ እትዬ አረጋሽ።

"ጉንፋን ይዟት ነዋ።"

እሳት የሚተፋውን ካንዴላ ፈቱ። በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው አሸተቱት፤ ቤንዚን በቤንዚን ሆኗል። ቤንዚኑ ከደረሰ የጎደለው እሳት ነው። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኙና ብረት አስነክተው በገመዱ የጎማ ሽፋን በኩል ያዙት። ብልጭታ በፀሐይ አይታይም፤ ስለዚህ የሚስታቸውን ነጠላ ከራሳቸው በላይ ጣል አድርገው ጎንበስ አሉ።

"አዙሪው።"

ሞተሪኖው አጓራ።

"አለ?" አሉ እትዬ አረጋሽ ከውስጥ።

"የለም። የክብሪት ያህል እንኳ የለም።"

እየሩስ ደወለች። "አባዬ፣ ይቺን መኪና ተዋት በቃ። ሚኒባስ ይዛችሁ ኑ።"

"እኔ ቀለሙ? በልጅ ልጄ ክርስትና ተሳፋሪ? ደግሞ መነኸሪያ ላይ እነዚያ ሁሉ ሹፌሮች እያዩኝ?" ብለው ስልኩን ለሚስታቸው ወረወሩት።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ?" አለ አንዱ ከኋላቸው።

"ማን ነው?"

"ሳዲቅ ነኝ።"

"መጣህ? ልትገዛ ነው ልትቀብር?"

"አብሽሩ ጋሼ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና ተቃጥሎ ይሆናል። አዲስ አለኝ፣ ላምጣ።"

ሮጦ ሄዶ አመጣ። ፈታ፣ አሰረ። ጋሽ ቀለሙ እንደገና ነጠላው ስር ገቡ፣ እትዬ አረጋሽ እንደገና አዞሩ። ሲወጡ ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

"የለም። ይሄን የሞተ ቦቢና ከየትኛው መቃብር አወጣኸው?"

"ወላሂ አዲስ ነው።"

"በወላሂ መኪና አትነሳም። ሐሙስ ማታ ምኗን ነው የነካካኸው?"

ሳዲቅ መሬት መሬት አየ። ቀጥሎ እትዬ አረጋሽን ጨረፍ አደረጋቸው። "ነገ በኔ መኪና ላድርሳችሁ ጋሼ። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ነኝ።"

"አየሽው? ቆማ ትሰንብትና በዶሮ ዋጋ ሊወስዳት ነው።"

እትዬ አረጋሽ መሪውን ጭብጥ አድርገው ይዘው በመስኮቱ የተላጠውን የመኪናዋን ጎን አዩ።

ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ዘቅዘቅ ማለት ጀመረች። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከአሁኑ ተኝቷል። ጋሽ ቀለሙ አንዴ መኪናዋን ዞሯት፣ ጎማዋን በእግራቸው መቱ፣ ተመልሰው መጡ።

"ና ግባ፣ ነጠላው ስር" አሉት ሳዲቅን። "ያመጣኸውን ጉድ አንተው እየው። እሳት ካለ የቀረውን እኔ ሳይመሽ አገኝላታለሁ፣ ነገም ራሴ እነዳለሁ። ከሌለ ግን በቃኝ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እንደ ጆንያ ኋላ እጫናለሁ። አርባ ቀኑ እንዲያልፍበት አላደርግም።"

"እሺ ጋሼ።"

"እውነቱን ነው የምትነግረኝ።"

ሳዲቅ ሐሙስ ማታ ቦታ ያቀያየራቸውን የካንዴላ ገመዶች አየት አደረገና ወደ እትዬ አረጋሽ ዞረ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነጠላው ስር ገቡ። ጋሽ ቀለሙ ካንዴላውን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አፍንጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"አዙሪው አረጋሽ።"

እትዬ አረጋሽ ቁልፉን አዞሩና አንገታቸውን በበሩ አውጥተው የሳዲቅን ድምፅ ጠበቁ።

ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ በጋሽ ቀለሙ ዓይን ስር ደጋግሞ ተፈናጠረ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ትክ ብለው እያዩት "ይኸው፣ ጨለማ" አሉ፤ ሳዲቅም "አዎ ጋሼ፣ የለም" አለ።