የፓምፑ ጀርባ

አዛለች ከማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ራሷ ፈትታ ያወጣችውን ፓምፕ ከፌስታል መዝዛ ባለሱቁ ፊት አስቀመጠችው። ፓምፑ አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል። ከቤት ጓደኞቿ ጋር አራት ሆነው አዋጥተው የገዙት ማሽን ቆሞ፣ ነገ ዑለያ ሰፈር ለጽዳት ሥራ የሚለብሱት ዩኒፎርም ሁሉ ባዲዓ ሰፈር ባለው የጋራ ቤታቸው ተዘፍዝፎ ቀርቷል።

«ነገርኩሽ እኮ! ዋስትናው ካበቃ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ኸላስ፣ አለቀ!» አለ ሰውየው። ከዚያ ፓምፑን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ማን ፍቺው አለሽ? ማሽኑ ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል!»

«ወንድሜ፣ የለም ያልከኝን ዋስትና እንዴት አድርገህ ነው የምትሰርዘው?»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሳቀ። አዛለች አልሳቀችም፤ ፓምፑን ገለበጠችው። የሱቁ ጠጋኝ ዕቃ በቀየረ ቁጥር ቀኑን ጀርባው ላይ በማርከር ይጽፋል። የጻፈው ቀን ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።

«ይሄን የቀየራችሁት እናንተው ናችሁ። የተቀየረ ዕቃ የስድስት ወር ዋስትና አለው የሚለውም የጥገና ደረሰኝህ ላይ ተጽፏል።»

ሰውየው የዘረጋችለትን ደረሰኝ አላየም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ኢቃማ አለሽ?» አላት።

ይህ ጥያቄ ስንቷን ስደተኛ አንገት አስደፍቶ ከሱቅ አስወጥቷል። አዛለች ግን የመኖሪያ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አወጣችና ፓምፑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እየው» አለችው፣ «ይሄም ጊዜው አላለፈበትም።»