የማነጻጸሪያ ደም

የወይዘሮ ዓለሚቱ ደም መመረዙን ሐኪሙ የተናገረው ሰኞ ጠዋት ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐኪም እንዲህ ሲያሳጥር መፍራት ነው።

ልጃቸው ቲቶ፣ ከሞርሲቶ ከተማ አጠገብ ካለው ቤታቸው እስከ መኪናው መንገድ አዝሎ ወደ ሆስፒታሉ አምጥቷቸዋል። የሽቦ አጥር ቁርጭምጭሚቱን ሲጭረው እንኳ አላረፈም። ከእሳቸው ሌላ ማንም የለውም። እዚያው አልጋቸው ሥር የሦስት ቀን ደረቅ ጾም ያዘ። እህልም ውሃም አልቀመሰም።

ማክሰኞ አዜብ የምትባል ተመራማሪ ወደ ክፍሉ መጣች። የምታጠናው የደም መመረዝን ነው።

«ሴሎቻችን ትንንሽ ከረጢቶች ይለቃሉ» አለችው። «በደህናው ጊዜ መልእክት አድራሽ ናቸው። ደም ሲመረዝ ግን ይበዙና ጉዳቱን ከኩላሊት ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ ያዳርሱታል። እኔ እነሱን ነው የማስቆጥረው። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደምም እፈልጋለሁ።»

«እናቴን ያድናታል ሲስተር?»

«አይ፣ ወንድሜ። ከእሳቸው በኋላ ለሚመጡት ነው።»

ቲቶ ክንዱን ዘረጋላት።

«አንተ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ጾሙ ትንሽ ያዞረኛል እንጂ።»

ይህንኑ ጻፈች። የእናትና የልጅ ደም በሁለት ብልቃጥ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ረቡዕ ወይዘሮ ዓለሚቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አረፈዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረ፣ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ዘመዶች ከል ስለ መልበስ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ቲቶ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። ለማንም የማይገባ ነገር ያጉረመርማል። አንዲት ነርስ ልታስነሳው ስትጠጋ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ነህምያ ከለከሏት።

«ተዪው ልጄ። በልሳን እየጸለየ ነው። ጾሙን ማታ ይፈታል።»

ቀትር ላይ የአዜብ ስልክ ጮኸ።

«ከሁለቱ በአንዱ ደም ከረጢቶቹ ከልክ በላይ ሞልተዋል» አለ የአዲስ አበባው ባለሙያ፣ የብልቃጡን ቁጥር ጠርቶ። «እንዲህ ያለ ቆጥሬ አላውቅም። ይሄ ሰው እስካሁን በሕይወት አለ?»

አዜብ ሐኪሙን አስከትላ እየሮጠች ገባች። ፊቷን ያዩ ዘመዶች ለቅሶ ጀመሩ። ጋሽ ነህምያ ከአልጋው ራቅ ብለው መንገድ ለቀቁላት።

አዜብ አልጋውን አልፋ ግድግዳው ሥር ተንበረከከች፣ ጋቢውን ገለጠች፤ ሽቦው የጫረው የቲቶ ቁርጭምጭሚት አብጦ ጠቁሯል። አንገቱን ዳሰሰች፤ የደም ሥሩ አይመታም።