የእንግሊዝ አንሶላ

«ሳቢው እንጂ! ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» ብላ ጮኸች ናዕማ፣ ከአንሶላው ወዲያ ማዶ ሆና።

ዳሲቱ ሁለቱን ጫፎች ጠበቅ አድርጋ ሳበች። አንሶላው ተወጥሮ ጧ አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው አንዷ ወደ ሌላዋ ተራመዱ፤ መሀል ላይ ጫፉን ከጫፉ አገናኙ፤ ናዕማ እጥፋቱን ከታች አንስታ ወደ ኋላ ተመለሰች። እዚህ ቃሊቲ፣ ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲገናኙና ሲለያዩ ዓመታት አልፈዋል።

ምን እንደነካት ዳሲቱ አሳምራ ታውቃለች። ጠዋት አለቃቸው ሶሬሳ ለብቻዋ ጠርቷት ነበር። የእንግሊዙ ትእዛዝ ዛሬ ያበቃል፤ ከነገ ጀምሮ የጀርመኖቹ ፎጣ ነው፤ ለፎጣው ከሁለቱ የምትቀረው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። «ለናዕማ እኔው ልንገራት» ያለችውም ራሷ ናት። ምን አለ ያኔ አፏን በያዛት! ይኸው የመጨረሻው ካርቶን ሊሞላ ነው፣ ከአፏ ግን አንድ ቃል አልወጣም።

ሥራው ራሱ የመጣላቸው በሰው አገር ኩርፊያ ነው። ቀድሞ አንሶላው ሳይታጠፍ በጥቅል ይላክ ነበር። እዚያ እንግሊዝ አገር መጋዘን ውስጥ የሚያጥፉት የፖላንድ ሴቶች ነበሩ አሉ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ጎረቤቶቿ ጋር አልኖርም ብላ ከኅብረቱ ስትወጣ፣ ሴቶቹም ጓዛቸውን ሸክፈው አገራቸው ገቡ። አገሬው ደግሞ በዚያ ደመወዝ ቆሜ አልውልም አለ። ገዢው ሰውዬ ቢቸግረው «እዚያው አጥፋችሁ ላኩልኝ» አለና፣ ከሽመና ክፍል ዳሲቱ፣ ከስፌት ክፍል ናዕማ ተጠርተው አንድ አንሶላ ላይ ተገናኙ። አሁን ያው ሰውዬ ዕቃው በየጉምሩኩ እየቆመ፣ ወጪው አላፈናፍን ብሎት ማዘዙን ተወ። ኩርፊያው የሰጣቸውን ኩርፊያው መልሶ ወሰደው።

መጀመሪያ ሲገናኙ አይተዋወቁም ነበር። ዳሲቱ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት፤ ይህ ፋብሪካ የቆመበት መሬት ላይ በልጅነቷ የሽምብራ እሸት ጠርጥራ በልታለች። ናዕማ ባሏ የጭነት መኪና ሲይዝ ከወሎ ተከትላው መጣች። በመጀመሪያው ሰሞን አንዷ ስትስብ ሌላዋ ስትለቅ አንሶላው መሬት እየወደቀ ስንት ቁጣ ጠጥተዋል! ያስማማቸው የናዕማ መንዙማ ነው። ናዕማ ለራሷ ስታንጎራጉር የዳሲቱ እግር በዜማው መራመድ ጀመረ። ቃሉን እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ማታ ቤቷ ድስት ስታጥብ ግን ይመጣባታል።

ወሬም ቢሆን መሀል ላይ ሲገናኙ ብቻ ነበር። ከጎን ካለው ስፌት ክፍል የሚመጣው የመኪና ጩኸት ራቅ ካሉ አያሰማም። አንዷ ጀምራ ሳትጨርስ ትሄዳለች፤ የቀረውን ይዛ ትመለሳለች። ናዕማ ልጇን ዩምናን ያማጠችበት ታሪክ ብቻ ካርቶን ሙሉ አንሶላ ፈጅቷል። ዳሲቱ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ደስ ይል ነበር።

መሀል ላይ ተገናኙ።

«ፎጣ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ» አለች ናዕማ፣ ጫፉን እየተቀበለቻት። ሄደች። ተመለሰች። «ፎጣ ይሻለናል ወላሂ። እንደዚህ ስንራወጥ አንውልም።»

ዳሲቱ ጫፉን ሰጠቻት፤ እጇን ግን አልለቀቀቻትም። «ናዕሚ፣ ፎጣ የሚያጥፈው አንድ ሰው ነው።»

ናዕማ ቆመች። «አንድ ሰው?»

«አዎ።»

«ማን?»

ዳሲቱ አንገቷን ደፋች። «እኔ። ጠዋት ነገረኝ።»

«ጠዋት!» ናዕማ እጇን መነጨቀች። «ከጠዋት ጀምሮ እያወቅሽ፣ እኔ ስለ ፎጣ ስቀባጥር ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ?»

«አቃተኝ፣ እህቴ። በየዙሩ ልነግርሽ አስብና አንቺ ትሄጃለሽ።»

ናዕማ አንሶላውን አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችና የመጨረሻውን አነሳች። ጫፏን ይዛ ስትስበው ከዳሲቱ እጅ ሊያመልጥ ለጥቂት ቀረ። ተገናኙ፤ አልተያዩም። ተለያዩ። እንደገና ሲገናኙ የናዕማ ዐይን እንባ ሞልቶ ነበር፤ ዳሲቱም የራሷን መደበቅ አልቻለችም።

«አብሽሪ» አለች ናዕማ ቀስ ብላ። «አንቺ ምን ታደርጊ።»

ሶሬሳ የካርቶን ማሸጊያውን ፕላስተር ይዞ መጣ። «ጨረሳችሁ? መኪናው እየጠበቀ ነው።»

ናዕማ የታጠፈውን አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳበሰችው። ዳሲቱ አየችው፤ ጠርዙ ከጠርዙ ልክክ ብሏል።

«ተዛንፏል» አለች ናዕማ።

«ኧረ ደህና ነው!» አለ ሶሬሳ።

«ተዛንፏል አልኩህ» ብላ ዘረጋችው። ዳሲቱ ሳትጠየቅ ሁለቱን ጫፎች ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ሳቡት፤ ተገናኙ፤ ተለያዩ፤ ተገናኙ። አጥፈው ሲጨርሱ ናዕማ ካርቶኑ ውስጥ ልታስገባው ጎንበስ አለች።

ዳሲቱ ከእጇ ወሰደችው።

«አሁንም ተዛንፏል» አለችና ዘረጋችው።